ዩባሪ እና የግቢያችን ሮቶ

ስህተት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው።

ሥራዬ እርማት ነው። የሰው ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እኔ ጋ ይመጣል። የጎደለ ነጥብ እሞላለሁ፤ የተዛነፈ ቁጥር አቃናለሁ፤ ገጽ አሥር ላይ "ወንድሙ" የተባለው ሰው ገጽ ሃምሳ ላይ "አጎቱ" ሆኖ ሲመጣ በእርሳስ አከብበታለሁ። ስሜ መጽሐፍ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ እንዲወጣም ጠይቄ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ፣ የማታ ክፍል ገብቼ ነው። ዲፕሎማዬን ስይዝ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያወቃትን አጥብቆ ይይዛል። እኔም የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየሁ መንገዴን አቋርጬ ለባለሱቁ የምነግር ሰው ነኝ። የግቢያችን ሰዎች "ተማሪዋ" የሚሉኝ ለዚህ ነው። ስሜ ትርንጎ ነው፤ በስሜ የሚጠራኝ ግን ጥቂት ነው።

የምኖረው ሰበታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ስምንት ክፍሎች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት በሚተያዩበት ግቢ ውስጥ በኪራይ ነው። ግቢው ጠባብ ነው። ከቤቴ በር ተነስቼ ስድስት እርምጃ ስራመድ የሰናይት በር ላይ እደርሳለሁ። ሰናይት ዓለም ገና ባለ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ባሏ በሥራ ምክንያት ክፍለ ሀገር የሚቆይ ወጣት ናት። ያን ሰሞን ሴት ልጅ ተገላግላ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። ሊያርሷት እናቷ እማማ ዘውዴ ከገጠር መጥተዋል።

ከሰናይት በር በላይ ሮቶዎቻችን አሉ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ካልተጠራቀመ እስከሚቀጥለው ድረስ ጀሪካን ተሸክሞ መንከራተት ነው። የግቢያችን ባለቤት ኦቦ ቶሌራ መጀመሪያ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ገዙ። የቡራዩው ብየዳ ሠራተኛ ገመቹ የብረት ማስቀመጫ ሠራለት። ብረት ለመቆጠብ ሲባል አራት እግር አልተተከለም፤ ከፊት ሁለት እግሮች መሬት ላይ ቆሙ፣ ከኋላ ግን አግዳሚ ብረቶቹ የሰናይት ቤት ግድግዳ ውስጥ ገቡ። ግድግዳው ግድግዳም እግርም ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚኒባስ ሾፌሩ ጎረቤታችን ከድር የራሱን አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ አመጣ፤ ብረቱ ተቀጥሎ ጎን ለጎን ተቀመጠ። ከዚያ ደግሞ ኦቦ ቶሌራ ሌላ ባለ ሁለት ሺህ ገዙና ከሁለቱ በላይ ፎቅ ተሠራለት። ሁሉም ሲሠራ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አስቤው አላውቅም።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት በእርማት ላይ ሳለሁ፣ ስለ ጦር መርከቦች የተተረጎመ መጽሐፍ አምስተኛ ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ምዕራፉ ዩባሪ ስለምትባል የጃፓን ቀላል ክሩዘር፣ መለስተኛ የጦር መርከብ፣ ነው። ጃፓኖች ቀላል ክሩዘሮቻቸውን በወንዝ ስም ነበር የሚጠሯቸው፤ ዩባሪም ወንዝ ነው። ምዕራፉ መጀመሪያ ላይ መርከቧ ሦስት ሺህ ቶን እንደማትሞላ ተጽፏል። ከሁለት ገጽ በኋላ ከአራት መቶ ቶን በላይ ጨምራለች። እርሳሴን አነሳሁና ከበብኩት። ከዚያ ለተርጓሚው ደወልኩ። ጋሽ መላኩ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ሱሉልታ ጡረታቸውን ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው።

"ጋሼ፣ ትርንጎ ነኝ። ቁጥሩ አልገጠመልኝም። የቱን ላርመው?"

ሳል እየተናነቃቸው ሳቁ። "አንዱንም እንዳትነኪ! የመርከቧ ታሪክ እኮ እሱ ነው።"

"ምኑ?"

"ልዩነቱ ነዋ። አንብበሽ ጨርሺውና ተቆጪኝ።"

"እየነገሩኝ ላንብበው፣ ጋሼ።"

ነገሩኝ። ዩባሪ ሙከራ ነበረች። ንድፍ አውጪዋ የፈለገው በእጥፍ ግድም የምትበልጣትን መርከብ ጉልበት በትንሽ አካል ላይ መጫን ነው። መድፎቹን ሁሉ በመርከቧ መሀል መስመር ላይ ደረደራቸው፤ ስለዚህ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሁሉም ይተኩሳሉ። የእንፋሎት ማሞቂያዎቹን ጭስ ሁሉ ሰብስቦ ወደ አንድ ጭስ ማውጫ አስገባው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጥሩሩ፣ የብረት መከላከያዋ፣ ነው።

"ሌሎቹ መርከቦች ላይ ጥሩር ማለት እንደ ካፖርት ከላይ የሚለበስ ነው" አሉኝ ጋሽ መላኩ። "ይሄ ሰውዬ ግን ጥሩሩን የመርከቧ አጥንት አደረገው። ጥይትም ይመክታል፣ መርከቧንም ይሸከማል። በአንድ ብረት ሁለት ሥራ።"

"ታዲያ አራት መቶው ቶን ከየት መጣ?"

"ከየትም። አንዱ መሣሪያ ከታሰበው ትንሽ ይከብዳል፤ ሌላው ትንሽ ይጨመርበታል። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፣ ልጄ። መሀል ላይ ቆሞ የሚደምር ከሌለ የሚደምረው ውሃው ነው። መርከቧ ከታሰበው ዝቅ ብላ ተንሳፈፈች፤ ፍጥነቷም ትንሽ ቀነሰ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን ጥሩ መርከብ ነበረች፤ ሃያ ዓመት አገልግላለች።"

ስልኩን ዘግቼ በመስኮቱ ቀና አልኩ። ፊት ለፊቴ ሦስቱ ሮቶዎች ቆመዋል። ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ይሄን የማታ ክፍል ተምሬዋለሁ። ሲሞሉ አምስት ቶን። ከሥሩ አራስ ተኝታለች።

ወዲያው ተሻግሬ አንኳኳሁ። ከሰናይት አልጋ ራስጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ግድግዳውን ለማየት አነሳሁት። አግዳሚው ብረት ከገባበት ቀዳዳ ጀምሮ አንድ ስንጥቅ ወደ ታች ወርዷል፤ እርሳሴን ሰደድኩበት፣ እስከ ግማሹ ገባ። ስንጥቁ ያለቀበት ላይ መስመር አሰመርኩና ቀኑን ጻፍኩበት።

እማማ ዘውዴ አጥሚቱን እያማሰሉ አዩኝ። "ምን እየሠራሽ ነው ልጄ? ግድግዳ ላይ ትጽፊያለሽ?"

"ምልክት ነው፣ እማማ።"

"ይሄ ተማሪ ቤት አይደለም፤ አራስ ቤት ነው።"

ኦቦ ቶሌራ ጋ ሄድኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሱ፣ ክፉ ያልሆኑ ሰው ናቸው። ነገር መናገር አልችልበትም፤ ያነበብኩትን ከመነሻው ካልጀመርኩ አይመጣልኝም። እናም እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

"ኦቦ፣ አንዲት የጃፓን መርከብ ነበረች..."

"የጃፓን ምን?"

የግቢው በር ላይ ከቆመው ሚኒባሱ ሥር ተኝቶ ብሎን የሚያጠብቀው ከድር ሳቁን ለቀቀው። "ያ ጀማዓ! ተማሪዋ ሰበታን ወደብ አደረገቻት! ካፒቴን፣ መቼ ነው የምንነሳው?"

"ዝም በል አንተ" አሉት ኦቦ ቶሌራ፤ እሳቸውም ግን ፈገግ ብለዋል። "ልጄ፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ቤት ሲያረጅ ይሰነጠቃል። እኔም ተሰንጥቄያለሁ።"

"ሮቶዎቹ ከብደዋል፣ ኦቦ። ቢያንስ የላይኛው አይሞላ።"

"እሺ ናጋ ይሁን፣ ሰላም ይሁን፤ እናያለን" አሉኝ። እናያለን ማለት አናይም ማለት እንደሆነ ተከራይ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃ መጣ። አሥራ ስድስት ቀን ጠብቀነዋል። ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሰው አስነጠሰ፣ ከዚያ ቡኒ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ግቢው በአንዴ ሰርግ መሰለ። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን። ፓምፑ ተነሳና ሮቶዎቹ መሙላት ጀመሩ። እኔ በቀጥታ ወደ ሰናይት ግድግዳ ሄድኩ። ስንጥቁ መስመሬን ሁለት ጣት አልፎታል።

ኦቦ ቶሌራ ይሄንን ስነግራቸው አልሳቁም። ግን ፓምፑንም አላጠፉም። "አሥራ ስድስት ቀን ነው፣ ትርንጎ። ስምንት ቤት ሰው ምን ልበለው?" በስሜ ጠሩኝ፤ ያን ጊዜ እሳቸውም እንደፈሩ ገባኝ።

ገመቹ ጋ ደወልኩ። ቡራዩ ወርክሾፑ ውስጥ የብረት መፍጫው ድምፅ ጆሮ ይበሳል።

"አካም ጅርታ፣ ገመቹ? ከሰበታ ነው፤ ከኦቦ ቶሌራ ግቢ።"

"ናጋ፣ ናጋ። ሮቶው ምን ሆነ?"

"ሦስት ሆነዋል።"

መፍጫው ቆመ። "ስንት?"

"ሦስት።"

"እኔ የሠራሁት ለአንድ ነው። እሺ፣ ሁለተኛውንም እኔ ነኝ የቀጠልኩት። ፎቁን ግን አላውቀውም። ማን ሠራው?"

"እዚህ ሰፈር ያለ ልጅ።"

"እንግዲህ እሱን ጠይቁት። ሥራ ይዣለሁ፤ ሰኞ እመጣለሁ። እስከዚያ ሰው ከሥሩ አይተኛ።"

የሰፈሩን ልጅ ሄጄ ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ፣ "ከሥር ያለውን የሠራው ሰው ያውቃል ብዬ ነው" አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ የራሱን ጭማሪ ያውቃል። ድምሩን የያዘ ማንም የለም።

የቀረኝ ሰናይትን ማውጣት ነበር። አራስ ደግሞ ከቤት አትወጣም። ፀሐይ እንዳያያት፣ ነፋስ እንዳይመታት፣ ሰማንያ ቀን ሙሉ ይጠበቃል። እኔ እንደነዚህ ያሉ ነገሮችን ከተማርኩ በኋላ እየናቅኩ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም።

"አይሆንም" አሉ እማማ ዘውዴ።

"እማማ፣ ስድስት እርምጃ ነው። የእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ቤቱን እለቅላችኋለሁ።"

"ስድስትም ይሁን ስልሳ፣ መውጣት መውጣት ነው። ነገ አንድ ነገር ብትሆንብኝ አንቺ ታርሻታለሽ?"

"ግድግዳው ቢወድቅባትስ?"

"ክፉ አታውሪ በአራስ ፊት!"

ያን ጊዜ ሰናይት ከአልጋው ሆና ተናገረች። ልጅቷን እያጠባች ነበር። "እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከራስጌዬ ሲንቋቋ እየሰማሁ ነው። አይጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

እማማ ዘውዴ ማማሰያውን አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ብዙ ቆዩ። ሲነሱ ሌላ ሰው ሆነዋል።

"ቢላ አምጪልኝ" አሉኝ።

ቢላውን ለሰናይት አስያዟት፤ አራስ ስትወጣ ብረት ትይዛለች። ጋቢ ከራስ እስከ እግር አለበሷት፤ ሕፃኗን እሳቸው በብብታቸው ደበቋት፤ እኔ ጃንጥላ ዘርግቼ ከላይ ያዝኩ። እንደዚህ ሆነን ስድስቷን እርምጃ ተሻገርን። ባልዲ የያዘው ሰው ሁሉ ቆመ። ያ አፈኛው ከድር ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ቆመ፣ እስክናልፍ ዞር አላለም። በሩን ስንዘጋ ግን ድምፁ መጣ፦ "ካፒቴን፣ መንገደኞቹ ተሳፈሩ?"

አልጋዬን በሩ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር አዘጋጅቼላቸው ነበር፤ ብርሃን ያለበት፣ ንጹሕ አየር የሚገባበት። እማማ ዘውዴ አንዴ አይተው ተቆጡ።

"እዚህ? በነፋስ መግቢያ ላይ?"

ጠረጴዛዬን ከነጽሑፌ ገፍተው፣ አልጋውን ጎትተው እስከ መጨረሻው ጥግ ወሰዱት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ። በቁጥር የደረደርኳቸው ገጾች ተደባለቁ። ተናደድኩ። በሆዴ "ድንቁርና" ብያለሁ። ይሄን ቃል እዚህ የምጽፈው እዳዬ ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ ውሎ አልወደቀም። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ሮቶዎቹ ሄጄ የማፍሰሻውን ቁልፍ ጨብጬ ቆሜያለሁ። አንዴ ብጠመዝዘው ያልቅ ነበር። እማማ ዘውዴ የሕፃኗን ጨርቅ ሊያጥቡ ባልዲ ይዘው ከጎኔ መጡ፤ ኩርፊያቸውን ትተው "ትንሽ ቅጂልኝ" አሉኝ። ቀዳሁላቸው። ዘጋሁት። የስምንት ቤት ሰው ውሃ የምደፋበት አንጀት አልነበረኝም።

እሑድ ጠዋትም ቆሟል። የላይኛው ሮቶ የመሙላት ተራ ደርሶት ሞልቶ፣ ትርፉ በማስተንፈሻው ይንጠባጠባል። እማማ ዘውዴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን እያጠፉ፣ "እንግዲህ ወደ ቤታችን። ሰው ቤት ማረስ ደግ አይደለም" አሉ።

"እስከ ነገ ብቻ፣ እማማ። ገመቹ ይመጣል።"

"ሊወድቅ ቢሆን ትናንት ይወድቅ ነበር።"

ከሐሙስ ጀምሮ ተሟግቼ ድካም አጥንቴ ድረስ ገብቷል። ራሴንም መጠራጠር ጀምሬያለሁ። "ይቺን ምዕራፍ ልጨርስና አብረን እንሻገራለን" አልኳቸው። አልጋው ግርጌ ተቀምጬ የዩባሪን መጨረሻ ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

የዩባሪ መጨረሻ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ወቅት ብዙ ውጊያ ገብታ ወጥታለች። በኋላ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ትናንሽ ደሴቶች ወታደርና ጭነት ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጭነቷን አራግፋ ስትወጣ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታቻት። ያ አጥንትም ጥሩርም የነበረው ብረት የተሰላው ከጎን ለሚመጣ የመድፍ ጥይት ነበር። የመጣው ግን ከውሃ በታች ነው። የፊተኛው የማሞቂያ ክፍሏ በውሃ ተሞላ፣ እሳት ተነሳ። ወዲያው አልሰጠመችም። ቀኑን ሙሉ ሊያድኗት ታገሉ፣ ሌላ መርከብ ሊጎትታት ሞከረ፣ አልሆነም። በማግስቱ ጠዋት ሰጠመች። አብዛኞቹ ሰዎቿ ጊዜ ስላገኙ ተረፉ፤ የሞቱት ሃያ እንኳ አይሞሉም።

"ከጎን የተሰላ፣ ከሥር የመጣ" የሚለው ላይ ቆምኩ። ሁለተኛ አነበብኩት። ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜን ሙሉ ያየሁት ግድግዳውን ነው። የፊት እግሮቹን አንድ ቀን አላየኋቸውም። ተነስቼ የመስኮቱን ብርድ ልብስ ገለጥ አደረግኩ።

የሞላው ሮቶ ትርፍ የሚንጠባጠበው በትክክል የግራው እግር ሥር ነው። ስንት ወር እንደዚህ ሲንጠባጠብ እንደኖረ እንጃ። መሬቱ ጭቃ ሆኗል፤ እግሩ አንድ ክንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ማስቀመጫው ዘሟል። የዘመመው ግን ወደ ሰናይት ቤት አይደለም። ወደ ግቢው፣ ወደ እኛ ነው። ስንጥቁ ያን ጊዜ ገባኝ። ግድግዳው እየተገፋ አልነበረም፤ ብረቶቹ እየተነቀሉበት ነበር።

ወደሚወድቅበት ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

"ሰናይት! ልጅቷን..." ብዬ ዞርኩ። የቀረውን አልጨረስኩትም።

ድምፁን መግለጽ አልችልም። መጀመሪያ ረጅም የብረት ጩኸት ነበር፣ ከዚያ አምስት ቶን ውሃ በአንዴ ሲፈነዳ። የቤቴ በር ከነመቃኑ ወደ ውስጥ ገባ። አንዱ አግዳሚ ብረት መስኮቱን በርቅሶ መጥቶ ወለሉን ወጋ። ውሃው ከጉልበቴ በላይ መታኝ፤ ጠረጴዛው ተንሳፈፈ። ወድቄ ስነሳ በአልጋውና በበሩ መሀል ነበርኩ፤ ክንዴ በመስታወት ተቆርጦ ይደማል።

ከዚያ ልጅቷ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ድምፅ የለም።

ጥጉ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ እማማ ዘውዴ በሰናይት ላይ ተደፍተዋል፤ ከሥራቸው ሰናይት በሕፃኗ ላይ። ጨርቃቸው ረጥቧል። ሌላ ምንም አልሆኑም። አግዳሚው ብረት ወለሉን የወጋው ቅዳሜ ዕለት እኔ አልጋውን ያዘጋጀሁበት ቦታ ላይ ነው፤ በሩ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ያለበት።

መጀመሪያ የደረሰው ከድር ነው። ከአጥር ውጪ ሚኒባሱን እያጠበ ነበር። ፍርስራሹን በእጁ እየገፋ ገባ፤ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል። "ሕፃኗስ? ሕፃኗስ?" ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ኦቦ ቶሌራ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ቆሙና "ያ ዋቃዮ" ብለው አምላካቸውን ጠርተው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እሑድ ባይሆንና ሁሉም ባይበተን ኖሮ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያጥብ ስንት ሰው ይኖር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ገመቹ ሰኞን አልጠበቀም፤ ያኑ ዕለት ከቡራዩ መጣ። ጭቃውን በጫማው ገፋ አደረገና በዝገት የበሰበሰውን የብረት እግር አየው። ከዚያ የሰናይትን በር ከፈተ። ቤቱ እንደነበረ ነው። ግድግዳው ላይ ብረቶቹ የወጡበት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ስኒ እንኳ ከመደርደሪያው አልወረደም። ገመቹ ቀዳዳዎቹን አየ፣ እኔን አየኝ። እሱና እኔ ተግባብተናል።

ሌላው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የገባው። "ተማሪዋ ባትኖር!" ይላል የመጣው ሁሉ። "ሦስት ቀን ሙሉ ስትጮህ ማን ሰማት?" ከድር ለሚኒባስ ተሳፋሪዎቹ ሳይቀር ይተርከው ነበር። ስንት ዓመት አብሬያቸው ከኖርኩ በኋላ የግቢው ሰው እኔን ማክበር ጀመረ። ኦቦ ቶሌራ ቤቴን ራሳቸው አስጠግነው ሰጡኝ፤ ውሃም ዛሬ ከመሬት ሳይነሳ፣ ለየብቻ፣ በየበራችን ነው የሚቀመጠው።

እኔም ዝም አልኩ። ውዳሴውን ተቀበልኩ።

አንባቢዬ፣ ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ስህተት ስከብብ ኖሬያለሁ። ልክ መሆን ማለት ሰውን ማዳን ይመስለኝ ነበር። እንደሚወድቅ በማወቄ ልክ ነበርኩ፤ ወዴት እንደሚወድቅ ግን ተሳስቼ ነበር። ያዳናቸው እኔ በሆዴ "ድንቁርና" ያልኩት፣ የአንዲት ገጠሬ እናት የነፋስ ፍራቻ ነው። የዩባሪን ንድፍ አውጪ አልንቀውም፤ ከእኔ እጅግ የበለጠ አስቦ ነበር፤ እሱም ያሰበው እሱ ከሚያውቀው ወገን ለሚመጣው ነው። ከዚያ ወዲህ እርሳሴን ሳነሳ እጄ ይዘገያል። ከመክበቤ በፊት ደውዬ እጠይቃለሁ። ጋሽ መላኩ "ምን ነካሽ፣ ድሮ ትቆጪኝ ነበር" ይሉኛል። ሥራዬ ቀርፋፋ ሆኗል። እኔም ቶሎ የሚደክመኝ ሰው ሆኛለሁ፤ እርግጠኛ መሆን ለካ ጉልበት ይሰጥ ነበር።

ክርስትናው ሲቃረብ ሰናይት ልጅቷን ታቅፋ ቤቴ መጣች። "እናቷ ሁኚልኝ" አለችኝ፤ የክርስትና እናት ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ።

"ሰናይት፣ ተቀመጪ" አልኳት። "ቤትሽ ምንም አልሆነም። አይተሽዋል። እዚያው ብትሆኑ ኖሮ አንድ ጠብታ አይነካችሁም ነበር። ወደሚወድቅበት ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ። አልጋውንም ብረቱ የሚያርፍበት ላይ ነበር ያነጠፍኩት። እናትሽ ባያነሱት ኖሮ..."

ልጅቷን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረቻት።

"አውቃለሁ" አለች። "የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅኩት። ስኒዎቼን ቆጥሬያለሁ እኮ።"

"ታዲያ ለምን እኔን መረጥሽ?"

"ገመቹ ሰው ከሥሩ አይተኛ ብሎ ሰኞ እመጣለሁ አለ። ኦቦ ቶሌራ እናያለን አሉ። ከድር ሳቀ። አንቺ ብቻ ነሽ አልጋሽን የሰጠሽን። በሩ ሲሰበር በእኛና በበሩ መሀል የነበረ ሌላ ሰው አላየሁም።"

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

"በይ አሁን ያዢያት" አለችኝ ሰናይት፤ "እጄ ዛለ።"

ተቀበልኳት።